ጠጠርና አሸዋ የበዛበት የወንዝ ዳር መሬት፦ ከመዝራታችሁ በፊትና በኋላ

የጣርማበርን ቁልቁለት ጨርሳችሁ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስትገቡ መንገዱ ደጋግሞ ወንዝ ይሻገራል። ሮቢ፣ ጀወሃ፣ ከዚያ ወዲያ ቦርከና፤ ሁሉም ከተራራው ወርደው ፊታቸውን ወደ አዋሽ ያዞራሉ። በበጋ አብዛኞቹ ቀጭን ውኃና ሰፊ የጠጠር ሜዳ ብቻ ናቸው። በግራና በቀኛቸው ያለው መሬት ግን የሽንኩርት፣ የማሾ፣ የማሽላና የማንጎ አገር ነው። በሰሜን ራያ ቆቦ ላይ፣ በሆርማትና በጎሊና ወንዞች ዳር፣ ተመሳሳይ መሬት ታገኛላችሁ።

ይህ መሬት ሲያዩት ያምራል። ለጥ ያለ ነው፣ ለማረስ ይቀላል፣ ውኃው ቅርብ ነው፤ ኪራዩም በዚያው ልክ ይወደዳል። ሆኖም ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ማሳዎች አንዱ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢጠጣ ይበቃዋል፣ ሌላው በሦስተኛው ቀን ይጠወልጋል። ላዩን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን አይለይም። የሚለያቸው ከጠጠሩ በላይ የተኛው የደቃቅ አፈር ውፍረት ነው። መሬት ልትከራዩ፣ በእኩል ልታርሱ ወይም በማኅበር ልትወስዱ ካሰባችሁ ያንን ውፍረት ሳትለኩ አትዋዋሉ። አስቀድሞ መለካት፣ ከዚያ ውኃውን፣ ማዳበሪያውንና ሰብሉን በተለካው ልክ መወሰን ነው።

ከወንዙ ጀምራችሁ ወደ ላይ ተራመዱ

ከውኃው ጠርዝ ተነሡና ወንዙን ጀርባችሁ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። መሬቱ ጥቂት ሜዳ ሆኖ ይቆይና በድንገት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ከፍ ይላል፤ እንደገና ሜዳ ይሆናል፤ እንደገና ከፍ ይላል። እነዚህ የወንዝ እርከኖች ናቸው። ሰው የካባቸው አይደሉም። ወንዙ በጥንት ጊዜ ይፈስባቸው የነበሩ ሜዳዎች ሲሆኑ፣ ወለሉን እየቆረጠ ወደ ታች ሲወርድ ከላይ ቀርተዋል። ስለዚህ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ወደ አሮጌው አፈር እየሄዳችሁ ነው።

የታችኛው እርከን የወንዙ ነው። በኃይለኛ ክረምት ጎርፉ ይጎበኘዋል፣ አንድ ዓመት ደለል ያለብሰዋል፣ በሌላው ዓመት ያለበሰውን ገፎ ይሄዳል። እዚያ ላይ በበጋ በቶሎ የሚደርስ አትክልት አልሙ እንጂ ማንጎ አትትከሉ፣ የውኃ ሞተርም ተክላችሁ አትሂዱ። መካከለኛው ብዙውን ጊዜ የምትፈልጉት መሬት ነው። የላይኛው ቀላ ይላል፤ በዘመናት ብዛት ሸክላው ወደ ታች ሰርጎ ከጠጠሩ መካከል ስለተጣበቀ ውኃን ከታችኛው ይልቅ ይይዛል።

በየእርከኑ አንድ አንድ እፍኝ ድንጋይ አንሡ። ክብና ለስላሳ ከሆነ ወንዝ ያንከባለለው ነው። ማዕዘኑ ስለታም ከሆነ ከጎን ካለው ተዳፋት የወረደ ነው፤ መሬቱ የወንዝ እርከን ቢመስልም የተዳፋት አፈር ደርቦበታል፣ ሲቆፈርም ሌላ ጠባይ ያሳያል። በደረቁ ቆላ ደግሞ የድንጋዩን ሆድ ገልብጣችሁ እዩ። ከታች በኩል ነጭ ቅርፊት ካለበት ኖራ ነው። ሎሚ ጨምቁበት፣ አረፋ ቢያወጣ ተረጋገጠ። ይህ ቅርፊት ድንጋዩ ሳይነቃነቅ ረጅም ዘመን መቀመጡን ይነግራችኋል፤ ፎስፈረስ፣ ብረትና ዚንክ ለተክሉ በቀላሉ እንደማይገኙም ያስጠነቅቃል። በእንዲህ ያለ ቦታ ቅጠሉ እየገረጣ የቅጠሉ ደም ሥር ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቢቀር ናይትሮጅን አነሰ ብላችሁ ዩሪያ ለመጨመር አትቸኩሉ።

ቆፍሩ፣ ግን በጥንቃቄ

አንድ ጉድጓድ አይበቃም። ወንዝ ጠጠሩን እኩል አይበትንም፤ አሮጌ መውረጃው እንደ ረጅም ጭረት ማሳውን አቋርጦ ይሄዳል። የጭረቱን ቦታ የምታገኙት ዝናብ ሲቋረጥ ነው። ማሽላው በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ቀድሞ ቅጠሉን ይጠቀልላል፣ ቀድሞ ይገረጣል። ማሳው ባዶ ከሆነ ጎረቤት ገበሬዎችን ጠይቁ፤ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ማረሻው የሚንጫጫበትን ቦታ በእግሩ ያውቀዋል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ጉድጓድ ጭረቱ ላይ፣ ሁለት ደግሞ ከጭረቱ ውጭ ቆፍሩ።

ጥልቀቱ አንድ ሜትር ይበቃል፤ በአንድ በኩል መውረጃ ደረጃ ይኑረው። ከዚያ በላይ ወርዳችሁ አትቁሙ። አሸዋና ጠጠር ግድግዳው ሳያስጠነቅቅ ይናዳል፤ አሸዋ በሚወጣባቸው ጉድጓዶች ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። ወንዙ የቆረጠው ግድግዳ ወይም የአሸዋ ማውጫ በአቅራቢያ ካለ እሱም የተከፈተ መጽሐፍ ነው፤ ግን ከፊቱ ራቅ ብላችሁ አንብቡት፣ ከሥሩ አትቁሙ።

የጉድጓዱን ግድግዳ በቢላ ጫር ጫር አድርጋችሁ አጽዱትና ሜትር ከላይ ወደ ታች ዘርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ ከላዩ ጠጠር ያለበት አሸዋ፣ ከዚያ ደቃቅ አሸዋ፣ ላይ ላዩን ደለል የቀላቀለ አፈር ታያላችሁ። ጎርፍ ጉልበቱ ሲደክም መጀመሪያ ከባዱን፣ በመጨረሻ ቀላሉን ያራግፋል። ሦስት ነገር ጻፉ፦ ጠጠሩ በስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሚጀምር፣ ሥር እስከ የት እንደወረደ፣ እና በመካከል ቀጭን የሸክላ ወይም የደለል ንጣፍ መኖር አለመኖሩን። ያ ንጣፍ የጣት ውፍረት ቢሆን እንኳ ውኃ ያዘገያል። በደረቅ ወቅት በረከት ነው፣ ክረምት ላይ ግን የፓፓያ ሥር ያበሰብሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ደቃቅ አፈር ጠጠር ላይ ሲያርፍ ውኃው ሳይቆም በጠጠሩ ሾልኮ የሚሄድ ይመስላል። ደቃቁ አፈር ግን ጥግብ ሊል እስኪደርስ ድረስ ውኃውን ወደ ጠጠሩ አይለቅም፤ የጠጠሩ ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ውኃን ከላይ ወደ ታች ስቦ የመውሰድ አቅም የለውም። ስለዚህ 40 ሴንቲ ሜትር ደቃቅ አፈር ከጠጠር በላይ ካላችሁ ያ 40 ሴንቲ ሜትር ከጠበቃችሁት በላይ ውኃ ይይዛል። አጠጥታችሁ ካጠገባችሁት በኋላ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ሊትር ወደ ወንዙ ተመላሽ ነው። በዚያው ምክንያት ከታች ያለው የከርሰ ምድር ውኃ በ2 ሜትር ላይ ቢገኝም በራሱ ወደ ሽንኩርት ሥር አይወጣም። «ውኃው ቅርብ ነው» የሚለው የአከራይ ቃል ለሞተሩ ነዳጅ እንጂ ለሥሩ አይሠራም።

ድንጋዩን ለኩ

አንድ አፈር ከአሸዋ ይልቅ ጠጠር የሚባለው ፍሬው ከ2 ሚሊ ሜትር ሲበልጥ ነው። ጠጠር ውኃም ምግብም አይዝም ማለት ይቻላል፤ ቦታ ይይዛል ብቻ። ስለዚህ ከመቶ ስንቱ ድንጋይ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ፤ ዓይን ደግሞ በዚህ አይታመንም፤ ዝናብ አፈሩን አጥቦ ድንጋዩን ላይ ስለሚተው ላዩ ሁልጊዜ ከውስጡ ይልቅ ድንጋያማ ይመስላል።

ከጉድጓዱ ጎን፣ የላዩን 10 ሴንቲ ሜትር ገለል አድርጋችሁ፣ ርዝመቱም ወርዱም 25 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 16 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥሩ ጠርዝ ያለው ጉድጓድ አውጡ። ይዘቱ 10 ሊትር ነው። የወጣውን ሁሉ ሸራ ላይ አድርጋችሁ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ወንፊት አበጥሩ፤ ወንፊት ካጣችሁ ከክብሪት እንጨት ውፍረት የሚበልጠውን በእጅ ልቀሙ። ድንጋዩን እጠቡ። ባልዲ ውስጥ ውኃ ጨምራችሁ ከፍታውን ምልክት አድርጉ፣ ድንጋዩን ክተቱ፣ ከምልክቱ በላይ የወጣውን ውኃ በሊትር ሃይላንድ እየቀዳችሁ ለኩ። አንድ ሊትር ማለት ከመቶ 10 ነው። ሦስት ሊትር ከወጣ ከመቶ 30 የሚሆነው ማሳችሁ ድንጋይ ነው።

ከመቶ 15 በታች ከሆነ ብዙ አትጨነቁ። ከ15 እስከ 35 ጠጠራማ ነው፤ ይታረሳል፣ ግን ስሌቱን ይለውጣል። ከ35 እስከ 60 ባለው ውስጥ ዓመታዊ አትክልት ትግል ነው፣ ሥራቸው ጠልቆ የሚሄድ ዛፎች ይሻላሉ። ከ60 በላይ የሆነውን ለግጦሽና ለግራር ተዉት።

ከወንፊቱ ያለፈውን ደቃቅ እጃችሁ ላይ አርጥቡና አሽታችሁ ጨብጡ። ኳስ ሆኖ የማይቆም ከሆነ ንጹሕ አሸዋ ነው። ኳስ ሆኖ በጣት ሲገፉት ወዲያው የሚፈርሰው ሸክላው በጣም ጥቂት ነው። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ተገፍቶ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥብጣብ ሠርቶ የሚበጠሰው ለዘብ ያለ አሸዋማ አፈር ነው፤ በዚህ መሬት ላይ ከዚህ የተሻለ አትጠብቁ። አምስት ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሳብ ካገኛችሁ ወደ ዋልካ ተጠግታችኋል፣ ይህ መመሪያ ለእናንተ አይደለም።

ውኃውን አስሉ

በአንድ ሜትር ጥልቀት ንጹሕ አሸዋ ለተክል የሚጠቅም ውኃ የሚይዘው ከ25 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሸክላ ከ175 እስከ 250 ይይዛል። ለዘብ ያለው አሸዋማ አፈር 120 ገደማ ነው እንበል። 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ካላችሁ 48 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከመቶ 30 ድንጋይ ሲቀነስ 34 ገደማ ይቀራል። የቀረው ሁሉ ደግሞ እስኪያልቅ አይጠበቅም። ሽንኩርት ከተያዘው ውኃ ከመቶ 30 ያህሉን እንደወሰደ ይቸገራል፣ ለውዝ እስከ ግማሽ ይታገሣል። ስለዚህ ለሽንኩርት በእጃችሁ ያለው 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በቆላ ፀሐይ በቀን ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሲወስድ በሁለተኛው ቀን ማጠጣት ግዴታ ነው። ለውዙ ሦስት ቀን ይቆያል።

አሥር ሚሊ ሜትር በሩብ ሄክታር ላይ 25 ሜትር ኩብ፣ በበርሜል ሲቆጠር 125 በርሜል ነው። በሰከንድ 5 ሊትር የሚሰጥ ሞተር ይህን በአንድ ሰዓት ከ23 ደቂቃ ያወጣዋል፤ በቦዩ የሚጠፋውን ሳንቆጥር። የሚበዛው ሰው የሚሠራው ተቃራኒውን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ቀን ሙሉ ያጠጣል፤ ሁለት ቀን ይጠግባል፣ አራት ቀን ይጠማል፣ የነዳጁም እኩሌታ ወደ ወንዙ ይመለሳል። የውኃ ተራ በሳምንት አንድ ጊዜ በሚደርስበት ቦታ ሽንኩርት መትከል ከአፈሩ ጋር መጣላት ነው። ወይ ተራውን ለሁለት አስከፍሉ፣ ወይ ጂኦሜምብሬን የተነጠፈበት ማጠራቀሚያ ይኑራችሁ፣ ወይ ሰብሉን ቀይሩ።

የመደብ ስፋትም ከዚህ ይወጣል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የመስኖ መመሪያ በሰከንድ 5 ሊትር ውኃ ለሚገባበት መደብ በአሸዋ ላይ 35 ካሬ ሜትር፣ በሸክላ ላይ 350 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያስቀምጣል። አሥር እጥፍ ልዩነት ነው። በዋልካ ላይ የለመዳችሁትን ረጅም ፈር እዚህ ካወጣችሁት ውኃው ጫፉ ሳይደርስ መግቢያው ላይ ይሰምጣል። ፈሩን አሳጥሩ፣ ውኃውን ጠንከር አድርጋችሁ በአጭር ጊዜ ልቀቁ። ዋናውን ቦይ ቢቻል በፕላስቲክ፣ ካልሆነ ረግጣችሁ በጠቀጠቃችሁት የሸክላ ጭቃ ልበጡት። ጠብታ መስኖ ካላችሁ ውኃው ወደ ጎን ሳይሰፋ ወደ ታች ስለሚወርድ ጠብታዎቹ በ20 ወይም በ30 ሴንቲ ሜትር ይቀራረቡ።

ማዳበሪያ በጥቂት በጥቂቱ

ይህ አፈር የሰጣችሁትን አያስቀምጥም። ዩሪያ ከመቶ 46 ናይትሮጅን ነው፤ ከተበተነ በኋላ አንድ ከባድ ዝናብ ወይም አንድ የተትረፈረፈ መስኖ ሊያጥበው ይችላል። በዋልካ ላይ ለሁለት ከፍላችሁ የምትሰጡትን እዚህ ለሦስትና ለአራት ክፈሉት። አፈር አልብሱት፣ ከዚያ ቀለል ያለ ውኃ አጠጡ። በሞቃት አሸዋ ላይ ክፍት የተተወ ዩሪያ ደግሞ ወደ አየር ይሄዳል። ኤንፒኤስን በዘር ጊዜ ከዘሩ ጎን በመስመር ቅበሩ፤ ፎስፈረስ ብዙ ስለማይንቀሳቀስ መከፋፈል አያስፈልገውም።

ፍግና ኮምፖስት በየዓመቱ ስጡ። በቆላ ሙቀት ቶሎ ስለሚበሰብስ አንድ ጊዜ ብዙ መጨመር የሦስት ዓመት ስንቅ አይሆንም። የማሽላ አገዳ ለከብት ካልቀረ ሥር ሥሩ ላይ መበተን ትነቱን ይቀንሳል፤ ከከብቱ ጋር ያለው ሽሚያ ግን የታወቀ ነው፣ ማንም ገበሬ ከበሬው ነጥቆ ለአፈር አይሰጥም።

አሸዋን በእውነት የሚለውጠው ሸክላና ደለል ነው፤ ያንን ደግሞ ክረምት በነጻ ያመጣዋል። የራያ ቆቦ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባል። በዚህ ዘዴ መሬቱ ውኃም ይጠጣል፣ ከደጋው የመጣ ደቃቅ አፈርም ይለብሳል። ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ የመጀመሪያውን ኃይለኛ ደራሽ አሳልፉት፣ እሱ ጠጠርና ግንድ ይዞ ነው የሚመጣው። ጉልበቱ ሲበርድ፣ ውኃው ገና ደፍርሶ ሳለ አስገቡ፤ በዝቅተኛ ክትር ያዙት፣ ቆሞ ያራግፍ።

ድንጋይን ከማሳ ለቅሞ መጨረስም ጥሩ አይደለም። በጡጫ የሚተካከለውንና ከዚያ በላይ የሆነውን አንሡ፣ ማረሻ ይሰብራል። ትንንሹ ግን ላይ ላዩን ተበትኖ ሲቀመጥ የዝናብ ጠብታን ጉልበት ይሰብራል፣ አፈሩን ከፀሐይ ይጋርዳል። ትግራይ ውስጥም ብዙ ገበሬ ትንንሹን ድንጋይ ከማሳው ማንሣት አይወድም።

ምን ይዘራ?

ማሾ እዚህ ይስማማል፤ ቶሎ ይደርሳል፣ የራሱን ናይትሮጅን ያበጃል፣ ውኃ ከቆመበት መሬት ይልቅ የሚያሾልክ መሬት ይወዳል። ለውዝ ከአበባው በኋላ ወደ አፈር ገብቶ ስለሚያፈራ ልል አሸዋ ይመቸዋል፣ ሲነቀልም ፍሬው አፈር ውስጥ አይቀርም፤ የባቢሌ ለውዝ በአሸዋማ መሬት ስም ማውጣቱ አይገርምም። ስኳር ድንችና ሐብሐብም ይሆናሉ። ካሮትን አሸዋው ይወደዋል፣ ጠጠሩ ግን እግሩን ሁለትና ሦስት ያደርገዋል፤ ከመቶ 15 በላይ ድንጋይ ካለ ተዉት። ማንጎና ሎሚ ጠጠሩን ሰንጥቀው ይወርዳሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ካጠጣችኋቸው።

ቲማቲም በተከታታይ አትትከሉ። ሥር ላይ እባጭ የሚያወጣው ኔማቶድ በአሸዋ ውስጥ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ተክል ነቅላችሁ ሥሩ ላይ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ካያችሁ ማሳውን በማሽላ አሳርፉት።

የዚህ መሬት ትልቁ ጸጋ ጊዜ ነው። ዋልካው ገና ጭቃ ሆኖ በሬ ሲያሰምጥ ይኸኛው ዝናቡ ባቆመ ማግሥት ይታረሳል፤ በበልግ መጀመሪያ ቀድሞ መዝራት የሚቻለው እዚህ ነው። ዋጋው የማረሻው ብረት ነው፣ ቶሎ ይበላል፣ ትርፍ ማረሻ ይኑራችሁ።

አዝመራው ሲደርስ አውድማውን በባዶ መሬት ላይ አታድርጉ። ማሾ ከጠጠር ጋር ከተቀላቀለ በኋላ በወንፊት አይለይም፤ የጠጠሩና የፍሬው መጠን አንድ ነው። ለቀማው የሰው ጉልበት ይበላል፣ ነጋዴውም ሳይለቀም ዋጋ ይቆርጣል። ሸራ አንጥፋችሁ ውቁ፤ ሸራው ከአንድ ኩንታል ላይ ከሚቆረጥባችሁ ብር ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው።

የእርከኑን ጠርዝ በተመለከተ፦ ከአፋፉ ጥቂት ሜትር ሳታርሱ ተዉ፤ ዝሆኔ ሣር ወይም ቬቲቨር ትከሉበት። የመስኖ ውኃ በአፋፉ ላይ እንዳይፈስ መውረጃውን ወደ አንድ ቦታ ሰብስባችሁ በድንጋይ አልብሱት። ግንባታ ሲበዛ ደላላ መጥቶ ከአፋፉ ሥር ያለውን አሸዋና ጠጠር በመኪና ልግዛ ማለቱ አይቀርም። የሚቀርብላችሁ ብር ከአንድ ዓመት ሽንኩርት ሊበልጥ ይችላል። ሥሩ የተቆረጠ እርከን ግን በሚቀጥለው ክረምት ስንት ሜትር እንደሚናድ አስቀድሞ የሚነግራችሁ የለም፤ የሚናደው ደግሞ ከላይ የለካችሁት 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ውል የምትፈርሙት ከባለመሬቱ ጋር ከሆነ አሸዋ ማውጣት እንደማይቻል በጽሑፍ ይስፈር።